በራሴ ያነጠፍኩት ላሚኔት ፓርኬ ክረምት ሲገባ መሀሉ ተነሳ፤ የት ጋ ተሳሳትኩ?

ጀሞ ሦስተኛ ፎቅ | ሐምሌ 6

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስንረከበው ወለሉ ሊሾ ብቻ ነበር። ልጃችን መዳህ ስትጀምር ቅዝቃዜው አሳሰበን። ባለፈው ጥር ሳሎኑንና አንዱን መኝታ ቤት ላሚኔት ፓርኬ ላነጥፍ ወሰንኩ። የእጅ ዋጋ ስጠይቅ ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ። ስለዚህ ራሴ ገባሁበት። ሥራዬ ሒሳብ ነው፤ ከዚያ በፊት እንጨት ቆርጬ አላውቅም።

ሳሎኑ 3.60 በ3.165 ሜትር ነው። መኝታ ቤቱ 3.00 በ2.80። ሁለቱ ሲደመሩ 19.79 ካሬ ይመጣሉ። ለቁራጭና ለብልሽት 10 በመቶ ስጨምር 21.77 ሆነ። የገዛሁት ባለ 8 ሚሊ ነው። አንዱ ሳንቃ 121.5 ሴንቲ ርዝመትና 19.5 ሴንቲ ስፋት አለው። አንድ ካርቶን 9 ሳንቃ ይይዛል፣ 2.13 ካሬ ይሸፍናል። 11 ካርቶን ከመርካቶ አስጭኜ መጣሁ። የቤቱን አየር ይልመዱ ስለተባልኩ ካርቶኖቹን ሳልከፍት ሁለት ቀን ሳሎን አስተኛኋቸው።

ከዚያ ሊሾውን ጠረግኩ። ላስቲክ አነጠፍኩ፤ በላዩ ባለ 2 ሚሊ ፎም ዘረጋሁ። ሳንቃዎቹን በቁመታቸው ወደ በረንዳው ብርሃን አዞርኩ። ሁለት ቅዳሜና እሁድ ፈጀብኝ። ሲያልቅ ባለቤቴ ጫማዋን አውልቃ ስትራመድበት ያየሁት ደስታ አይረሳኝም።

እስከ ግንቦት መጨረሻ ምንም አልነበረም። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጠና ከበረንዳው በር ሁለት ሜትር ገደማ ራቅ ብሎ ወለሉ ሲረገጥ ይሰምጥ ጀመር። አሁን እንደ በሬ ሻኛ ጉብ ብሏል። ቀጥ ያለ እንጨት አስቀምጬ ስለካው ጉብታው 14 ሚሊ ደርሷል። መኝታ ቤቱ ግን ደህና ነው።

ከግራና ከቀኝ ግድግዳው ጋ 1 ሴንቲ ክፍተት ትቻለሁ። ከታች እርጥበት የሚመጣም አይመስለኝም፤ ከሥራችን ሰው ይኖራል። ሁሉንም ማንሳት ይኖርብኝ ይሆን? ወይስ ከባድ ዕቃ ባስቀምጥበት ይረጋጋል?


የሰሚት ጎረቤት | ሐምሌ 6

ከባድ ዕቃ አታስቀምጥበት። እኔ ሞክሬዋለሁ። ቁም ሳጥን ጫንኩበት፤ የተጫነው ቦታ ተኛ፣ ከቁም ሳጥኑ ማዶ ሌላ ጉብታ ተነሳ። ይባስ ብሎ የሳንቃዎቹ መቆለፊያ ጠርዝ ተሰበረ። ምክንያቱን እስክታውቅ ድረስ ብዙ አትመላለስበት፤ በተረገጠ ቁጥር ጠርዙ ይጎዳል።


የእንጨት ሰው | ሐምሌ 7

ወንድሜ፣ ሥራህን አጥርተህ ስለጻፍከው መመለስ ቀለለኝ። አናጢ ነኝ። መጀመሪያ በኮላ የሚጣበቀውን የእውነት እንጨት ፓርኬ ነበር የማነጥፈው፤ አሁን አብዛኛው ሥራዬ ይሄኛው ነው።

ጉብታ ያለበት ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ጉብታውን ሳይሆን ዳሩን ነው። ፓርኬ ወደ ጎን መሄጃ ሲያጣ ነው ወደ ላይ የሚሄደው። ስለዚህ ጥቂት ነገር ልጠይቅህ። ከግራና ከቀኝ 1 ሴንቲ ትቻለሁ ብለሃል። በሳንቃዎቹ ጫፍ በኩልስ? በረንዳው በር ጋና ፊት ለፊቱ ካለው ግድግዳ ጋ ምን ያህል ተውክ? በረንዳው ደፍ ላይ ያለውን ማስጨረሻ በምን አሰርከው? ወለሉን በስቶ በብሎን የታሰረ ሌላ ነገርስ አለ?


ጀሞ ሦስተኛ ፎቅ | ሐምሌ 7

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በጫፎቹ በኩል ምንም አልተውኩም፤ ግድግዳው ድረስ አስጠግቼ ነው የቆረጥኩት። ጎረቤታችን የድሮ አናጢ ናቸው። «እንጨት በጎኑ ነው የሚነፋው፣ በቁመቱ አይነፋም» ብለውኝ ነበር። በረንዳው ደፍ ላይ የአሉሚኒየም ማስጨረሻ አድርጌያለሁ። ሳንቃውን በስቼ በአምስት ብሎን ከሊሾው ጋር አሰርኩት። ሌላ የታሰረ ነገር የለም።


የእንጨት ሰው | ሐምሌ 7

በል አገኘነው።

ጎረቤትህ ያሉት ስህተት አይደለም። ለዋንዛ፣ ለጽድ፣ ለባሕር ዛፍ ልክ ናቸው። የእንጨት ክር በቁመት ስለሚሄድ እርጥበት ሲጠጣ የሚሰፋው በጎኑ ነው። በቁመቱ የሚጨምረው ከቁጥር አይገባም። ላሚኔት ግን የእንጨት መልክ ያለው ሌላ ነገር ነው። ላይ የምታየው የእንጨት ምስል ወረቀት ላይ የታተመ ነው። በወረቀቱ ላይ ሜላሚን የሚባል ጠንካራ ሽፋን አለ። መሀሉ ደግሞ የተፈጨ እንጨት በሙጫና በሙቀት ተጨፍልቆ የወጣ ነው። የእንጨቱ ክር ተፈጭቶ በየአቅጣጫው ተበትኗል። ስለዚህ በቁመትም በጎንም ይሰፋል።

አንተ ያነጠፍከው ጥር ላይ፣ አየሩ ደረቅ ሳለና ሳንቃው ተሰብስቦ ሳለ ነው። ሰኔ ላይ እርጥበት ጠጣ። በአንድ በኩል አምስት ብሎን ይዞታል፣ በሌላ በኩል ግድግዳ ቆሞበታል። ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንክ ራስህ አስላው። 3.60 ሜትር ላይ አንድ ሚሊ እንኳ ያልሞላ ትርፍ 14 ሚሊ ጉብታ ለማውጣት ይበቃዋል።

ሁሉንም አታነሳም። በሁለቱ ጫፍ ግድግዳዎች በኩል ዞኮሎውን፣ ማለትም የግድግዳውን ሥር የሚሸፍነውን፣ ቀስ ብለህ ፈልቅቅ። የማስጨረሻውን ብሎኖች ፍታ። ከዚያ የሳንቃዎቹን ጫፍ ከግድግዳው 1 ሴንቲ አርቀህ ቁረጥ። መልቲ ቱል፣ ምላጩ እየተርገበገበ የሚቆርጠውን ትንሽ የኤሌክትሪክ መሣሪያ፣ ብትከራይ ጥሩ ነው። ካጣህ በሹል መሮና በመዶሻ ጥቂት በጥቂት ይወጣል፤ ከሥር ያለውን ላስቲክ እንዳትቀድ ብቻ ተጠንቀቅ። በግራይንደር ላይ የእንጨት ዲስክ አስረህ እንዳትሞክረው። ተንበርክከህ ግድግዳ ሥር ስትሠራ ድንገት ይመለስብሃል። ጣቱን ያጣ የሥራ ባልደረባ አለኝ።

ከቆረጥክ በኋላ አትጫነው። ሁለት ሦስት ቀን ተወው፣ በራሱ ይተኛል።

ማስጨረሻውን ስትመልስ ብሎኑ በክፍተቱ ውስጥ አልፎ ሊሾውን ይያዝ፤ ሳንቃውን አይንካ። የዞኮሎው ሚስማርም ወደ ግድግዳው ይግባ፤ ወደ ወለሉ አይውረድ። ይህ ፓርኬ ከምንም ጋር ሳይታሰር ተንሳፍፎ የሚቀመጥ ነው። አንድ ቦታ ብትቸነክረው ሌላ ቦታ ይነሳብሃል።


ቡና በሳሎን | ሐምሌ 8

ይቅርታ፣ ርዕሱን ትንሽ ላስፋው። እኔም ላሚኔት ላነጥፍ እያሰብኩ ነው። እናቴ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። ቡና በቀን ሁለቴ ይፈላል። በዓል ሲሆን ቄጠማ ይጎዘጎዛል። ከሰል አለ፣ እጣን አለ። እናቴን ከዛሬ ጀምሮ በረንዳ ላይ አፍዪ ማለት አልችልም፣ አልፈልግምም። ይህ ወለል እንደኛ ላለ ቤት ይሆናል?


የሰሚት ጎረቤት | ሐምሌ 8

እህቴ፣ ይሆናል፤ ግን ቡናው የራሱ ቦታ ያስፈልገዋል። እኛ ቤት ባለፈው ፋሲካ ከማንደጃው አንዲት ፍም ወደቀች። እስክናነሳት ግማሽ ደቂቃ አልሞላም። የሃምሳ ሳንቲም ስፋት ያለው ጥቁር ጠባሳ ትታ ሄደች። ተፍቆ የሚለቅ አይደለም፤ ሽፋኑ ራሱ ነው የተቃጠለው። ያን ሳንቃ ለመቀየር ስድስት ረድፍ ማንሳት ነበረብኝ።

አሁን ማንደጃው የሚቀመጠው 60 በ60 የሆነ ሴራሚክ ላይ ነው። ከሥሩ ጨርቅ ለጥፌበታለሁ፣ ወለሉን እንዳይፍቅ። ረከቦቱ ጎን ለጎን ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል።


የእንጨት ሰው | ሐምሌ 8

ላሚኔት ሲጋራ ለአፍታ ቢወድቅበት የሚችል ተደርጎ ነው የሚሠራው። ፍም ግን ሌላ ነው፤ ሙቀቱ አይለቅም። ቪኒል ደግሞ ከላሚኔትም ይብሳል፣ ፕላስቲክ ስለሆነ ይቀልጣል።

ሁለት ደንበኞች ቤት የሠራሁትን ልንገርሽ። ከሳሎኑ አንዱን ጥግ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ከሃያ ለቡና ለየነው። እዚያ ሴራሚክ አነጠፍን፣ ቀሪውን ላሚኔት። በመሀላቸው 1 ሴንቲ ክፍተት ትተን በማስጨረሻ ሸፈንነው። ከፍታቸው እኩል እንዲመጣ ሴራሚኩ መጀመሪያ ይነጠፋል፤ የላሚኔቱንና የፎሙን ውፍረት ታሳቢ አድርጎ። አንደኛዋ እናት ደስ ብሏቸው መደብ መሰለኝ አሉ። እኔ ራሴ ቤት ብሠራ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ቄጠማው ውሃው በደንብ ይራገፍ። እንግዳ ሊመጣ ሲል ጎዝጉዢው፣ ማታውኑ ይጠረግ። ሌሊቱን እርጥብ ሣር ካደረበት ውሃው በመገጣጠሚያዎቹ ይገባል፤ ጠርዞቹ እንደ ተነከረ ካርቶን ያብጣሉ። ካበጡ በኋላ ቢደርቁም ወደ ቦታቸው አይመለሱም።


ቡና በሳሎን | ሐምሌ 8

ጋሼ፣ የጥጉን ሐሳብ ለእናቴ አነበብኩላት። በመስኮቱ በኩል ይሁንልኝ ብላለች። እግዜር ያክብርልኝ።


ከሲልቨር ስፕሪንግ | ሐምሌ 9

ሜሪላንድ ነው የምኖረው። የቤዝመንቴን ወለል ራሴ በቪኒል አነጠፍኩ፤ ኤስፒሲ የሚባለውን። የኖራ ድንጋይ ዱቄትና ፕላስቲክ ተቀላቅሎ የሚሠራ ነው። የእኔው 5 ሚሊ ውፍረት አለው፣ ፎሙ ከሥሩ ተለጥፎ ነው የሚመጣው። መጋዝ ብዙ አያስፈልገውም። በከተር ሁለት ሦስቴ ጫር አድርጎ ሰበር ማድረግ ነው። ለአፓርታማ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ጎረቤት አይረበሽም፣ ዱቄትም የለም።

ካርቶኑ ላይ «ውሃ የማያስገባ» ይላል። እውነት ነው፣ ሳንቃው አያብጥም። ነገር ግን ውሃ በመገጣጠሚያና በግድግዳ ዳር አልፎ ሥር ይገባል። ሥር የገባ ውሃ መውጫ የለውም፤ ይሻግታል። ሳንቃው ቻለ ማለት ቤቱ ቻለ ማለት አይደለም።

ሌላው ፀሐይ ነው። ቪኒል ሲሞቅ ይሰፋል። ትልቅ መስታወት በር ፊት ለፊት ካነጠፋችሁ መጋረጃ ይኑር። ከሥሩ ጎማ ያለው ምንጣፍም አታስቀምጡበት፤ ጎማው ቪኒሉን ቢጫ ያደርገዋል፣ አይለቅም።

አሜሪካ አሮጌ ቤት ለገዛችሁ ደግሞ አንድ ነገር አደራ። እኔ የቤዝመንቱን ምንጣፍ ሳነሳ ከሥሩ 9 በ9 ኢንች የሆኑ ትናንሽ ታይሎች አገኘሁ። ቤቱ የ1950ዎቹ ነው። ልፈቀፍቅ መፋቂያ ሁሉ ገዝቼ ነበር። አንድ የሥራ ጓደኛዬ «እጅህን እንዳታሳርፍበት» ብሎ አስቆመኝ። በዚያ ዘመን የዚያ ልክ ታይል ውስጥ አስቤስቶስ መኖሩ የተለመደ ነው። ሲፋቅና ሲሰበር የሚወጣው ብናኝ ሳንባ ውስጥ ይቀራል፤ ካንሰር ያመጣል። ናሙና ላቦራቶሪ ላክሁ፤ አለበት ተባልኩ። ታይሎቹ አልተሰበሩም፣ አልተነሱም። ስለዚህ ሳልነካቸው ከላያቸው አነጠፍኩ። የተሰባበረ ከሆነ ግን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው የሚያነሳው። ልጆቼ በየቀኑ እዚያ ነው የሚጫወቱት። ያን ቀን ባልጠይቅ ኖሮ የሚለው ሐሳብ አሁንም ይመጣብኛል።


የካ አባዶ | ሐምሌ 9

ስለ ውሃ ከተነሳ የኛን ልንገራችሁ። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። አንድ ቀን ውሃ የለም ብለን የከፈትነውን ቧንቧ ሳንዘጋ ተኛን። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውሃው መጣ። ጠዋት ስነሳ ኮሪደሩ ኩሬ ሆኗል።

ላዩን በጨርቅ አደረቅነው፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ደረቀ። ተርፈናል ብለን አመሰገንን። በአራተኛው ቀን የሳንቃዎቹ ጠርዝ በሙሉ ብድግ ብድግ አለ። ሳነሳው ላስቲኩ ላይ ውሃ ተኝቷል። ላስቲኩ ከታች እንዳይመጣ ይከለክላል፣ ከላይ የገባውን ደግሞ እንዳይወጣ ይይዘዋል።

ኮሪደሩን በኤስፒሲ ቀየርኩ፣ ሳሎኑ ላሚኔት ሆኖ ቀረ። ለወጥ ቤትና ለመታጠቢያ ቤት ደጃፍ ላሚኔት አይሁን። ጀሪካንና በርሜል የሚቀመጥበት ቦታም እንዲሁ፤ ሁሌ ትንሽ ይፈሳል። አሁን ከመተኛታችን በፊት ቧንቧዎቹን የሚዞር ሰው አለ፤ ተራ ነው የምንገባው።


አዲስ ተረካቢ | ሐምሌ 10

በጣም እየተማርኩ ነው። እኔ ያለሁት ምድር ቤት ነው። ቤቱን ከሌላ ሰው ነው የገዛሁት። ወለሉ ላይ በኮላ የተለጠፈ የድሮ ፒቪሲ አለ። አንዳንዱ ጠርዙ ተነስቷል። ክፍሉ ትንሽ የእርጥበት ሽታ አለው። ላሚኔቱን ከላዩ ላንጥፈው ወይስ ላንሳው? ሊሾው ደግሞ ወጣ ገባ ነው። አንድ ወዳጄ ጥሩ አሸዋ በትነህ አስተካክለው አለኝ።


ገላን ማዶ | ሐምሌ 10

አሸዋው ይሠራል። የአጎቴ ቤት እንደዚያ ነው የተነጠፈው፤ ወጪ አልነበረውም።


የእንጨት ሰው | ሐምሌ 10

ይቅርታ ወንድሜ ገላን፣ በዚህ አልስማማም። አሸዋ ላይ ሲረገጥ አሸዋው ይሸሻል። ሳንቃው ባዶ ላይ ይቀራል፣ መቆለፊያው ይሰበራል። መገጣጠሚያ ውስጥ የገባች አንዲት ጠጠርም ሁለቱ ሳንቃዎች እንዳይገናኙ ታደርጋለች። የአጎትህ ወለል ቢቆይ ደስ ይለኛል። እኔ ግን እንደዚያ የተሠራ አንስቼ አውቃለሁ።

አዲስ ተረካቢ፣ ልብ በል። የዚህ ሥራ ሁለት ሦስተኛው ሳንቃው ከመምጣቱ በፊት የሚሠራው ነው። ሳንቃ ማስገባት ልጅም ይለምደዋል። ሊሾው ነው ሥራው።

አንተ ከሁሉ በፊት ሽታውን ተከተል። ሐምሌ ላይ መጠየቅህ ጥሩ ነው፤ ወለል እውነቱን የሚናገረው በክረምት ነው። ሁለት ሦስት ቦታ ፒቪሲውን አንሳና ሊሾውን አጽዳ። በየቦታው 60 በ60 ሴንቲ የሆነ ላስቲክ አንጥፈህ አራቱንም ጎን በፕላስተር አሽገው። አንዱን ከውጭ ግድግዳው አጠገብ፣ አንዱን ከመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ አጠገብ አድርገው። ሦስት ቀን ተወው። ስትከፍተው ላስቲኩ ሥር ጤዛ ካለ ወይም ሊሾው ጠቁሮ ከጠበቀህ ከሥር እርጥበት እየወጣ ነው። ያኔ ፓርኬ አትግዛ። የጣሪያው ውሃ መውረጃ ግድግዳህ ሥር ያፈስ እንደሆነ እይ። ቧንቧም ያንጠባጥብ ይሆናል። ምንጩ ሳይገኝ የሚነጠፍ ነገር ሁሉ ብር መቅበር ነው። ምንጩ ካልተገኘ ሴራሚክ አድርግ፣ ከላዩ ምንጣፍ ጣል።

ደረቅ ሆኖ ከተገኘ ወደ ልኬት እንሂድ። ለሳኞች የሚጠቀሙበትን ባለ 2 ሜትር ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ዘንግ ተዋስ። ወለሉ ላይ በሁሉም አቅጣጫ አዙረው። ከሥሩ 3 ሚሊ በላይ ክፍተት ካየህ በኖራ ጠመኔ ክበበው። ወለሉ ወደ አንድ ጎን ቢያዘነብል ችግር የለውም፤ ጉድጓድና ጉብታ ነው ጠላቱ። ጉብታውን በግራይንደር የድንጋይ ዲስክ ሞርደው፤ አፍንጫና አፍህን በጭምብል ሸፍነህ፣ መስኮት ከፍተህ። ጉድጓዱን ለወለል ተብሎ በሚሸጠው በሲሚንቶ የተሠራ፣ ሲፈስ በራሱ በሚደለደለው ሰልፍ ሌቨሊንግ ሙላው። የግድግዳ ኮልስታኮ ወይም ጂፕሰም አትጠቀም። ለግድግዳ ነው የተሠራው፤ ከሥር ሲረገጥ ይፈረፈራል።

አዲስ ሊሾ የሚያስለስን ካለ ደግሞ ይታገስ። በደህና አየር በቀን 1 ሚሊ ያህል ነው የሚደርቀው። 5 ሴንቲ ውፍረት ያለው 50 ቀን ይፈልጋል፤ በክረምት ከዚያ በላይ። ላዩ ነጣ ማለት ውስጡ ደረቀ ማለት አይደለም።

ፒቪሲውን በተመለከተ፣ በደንብ የተጣበቀውን ተወው። የተነሳውን አውጣ፣ ኮላውን ፋቅ፣ ቦታውን ሙላ። ለስላሳና ወፍራም የሆነ ፒቪሲ ከሆነ ግን ሁሉንም አንሳው። ከሥር ያለው ነገር ሲለሰልስ ፓርኬው ይወዛወዛል። ፎም ደራርበው የሚያነጥፉም በዚሁ ነው የሚሳሳቱት፤ 2 ወይም 3 ሚሊ ይበቃል።


ጀሞ ሦስተኛ ፎቅ | ሐምሌ 10

ጋሼ ካሉት ላይ እኔ በሒሳብ በኩል የተማርኩትን ልጨምር፤ አዲስ ተረካቢን ይጠቅመው ይሆናል።

ሳትቆርጥ በፊት ረድፎቹን ቁጠር። የእኔ ሳሎን ስፋቱ 316.5 ሴንቲ ነው። ከግራና ከቀኝ 1 ሴንቲ ሲቀነስ 314.5። በ19.5 ሳካፍለው 16 ሙሉ ረድፍ ይሆንና 2.5 ሴንቲ ይተርፋል። እንዳለ ብጀምር የመጨረሻው ረድፍ የሁለት ጣት ቅጥን ይሆን ነበር። እንደዚያ ያለ ቀጭን አይቆለፍም፤ ከ5 ሴንቲ ባያንስ ጥሩ ነው። ስለዚህ አንድ ሙሉ ረድፍ ከትርፉ ጋር ደመርኩ፣ 22 ሴንቲ። ለሁለት ከፈልኩት። የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ረድፍ 11 ሴንቲ ሆነ፣ መሀሉ 15 ሙሉ ረድፍ። ዓይን ሲያየው ያምራል።

የመጀመሪያውን ረድፍ ስትቆርጥ ወንዱ (ወጣ ያለው) ጠርዝ ያለበትን ጎን ነው የምትቆርጠው፤ ሴቷ (ጎድጎድ ያለችው) ጠርዝ ወደ ክፍሉ ትዙር። ከአንዱ ረድፍ ጫፍ የተቆረጠው ቁራጭ ከ30 ሴንቲ ከበለጠ የሚቀጥለውን ረድፍ ይጀምርልሃል። የሁለት ረድፍ መገጣጠሚያ በ30 ሴንቲ ይራራቅ። በየግድግዳው ዳር 1 ሴንቲ ሽብልቅ አስገባ። እኔ ሳላደርግ የቀረሁት ነውና፣ በአራቱም በኩል።

በሮችህንም አሁኑኑ ለካ። ባለ 8 ሚሊ ሳንቃና 2 ሚሊ ፎም ወለሉን 1 ሴንቲ ከፍ ያደርገዋል። የእንጨት በር ከሥሩ ይላጋል። የእኛ ዋና በር ብረት ስለሆነ ሊዘጋ አልቻለም፤ ማጠፊያውን በበያጅ ማስነሳት ነበረብኝ። ያንን አስቀድሜ ባውቅ የበሩን መዞሪያ ያህል ቦታ ሴራሚክ አደርገው ነበር። የብረት ፍሬሙን እንደ እንጨት ፍሬም ከሥሩ ቆርጠህ ሳንቃውን ማስገባት አትችልም። በካርቶን ቅርጹን አውጣ፣ በጂግሶ ቁረጥ፣ ክፍተቱን በሲሊኮን ሙላ።


ከሲልቨር ስፕሪንግ | ሐምሌ 11

ስትገዙ ካርቶኑን አንብቡ። ለቤት ኤሲ3 ይበቃል፤ ልጆችና እንግዳ የሚበዛበት ቤት ኤሲ4 ይሻላል። ይሄ ላዩ መፋቅን ምን ያህል እንደሚችል ነው የሚነግራችሁ። ኢ1 የሚል ምልክትም ፈልጉ፤ ከሙጫው የሚወጣው ፎርማልዴሃይድ የሚባለው ጋዝ መጠኑ የተገደበ ነው ማለት ነው። ሲከፈት ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ያለውን እኔ ልጅ ያለበት ቤት አላስገባም።


አዲስ ተረካቢ | ሐምሌ 15

ላስቲኩን ዛሬ ከፈትኩ። በሳሎኑ መሀል ያለው ደረቅ ነው። የውጭ ግድግዳው አጠገብ ያለው ሥሩ ጤዛ ብቻ ነው። ወጥቼ አየሁ። የጣሪያው ውሃ መውረጃ ቱቦ ከመሬት አንድ ሜትር ላይ ተሰብሮ ግድግዳው ላይ ነው የሚያፈሰው። ከላይ ያሉት ጎረቤቶቼም አላወቁም ነበር። ኮሚቴው ነገ ሰው ይልካል። ፓርኬውን እስከ ኅዳር አቆይቻለሁ።


የእንጨት ሰው | ሐምሌ 15

ጎበዝ። ቱቦው ከተሠራ በኋላ መስከረም ላይ ያንኑ ፈተና እዚያው ቦታ ድገመው። ደረቅ ካልሆነ ኅዳርንም አትቸኩልበት።


ጀሞ ሦስተኛ ፎቅ | ሐምሌ 20

ቅዳሜ ሠራሁት። ዞኮሎውን ስፈለቅቅ ሁለት ቦታ ተሰነጠቀ፤ በኮላ መልሼ ገጠምኩት። የማስጨረሻውን ብሎን ስፈታ ሦስተኛው ላይ ወለሉ ጠሽ የሚል ድምፅ አወጣና ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ባለቤቴም ከወጥ ቤት ሰማችው።

መልቲ ቱል ከሰፈር አናጢ ለግማሽ ቀን ተከራየሁ። በሁለቱም ጫፍ 1 ሴንቲ ቆረጥኩ። መብራት መሀል ላይ ስለጠፋ የመጨረሻዎቹን አራት ሳንቃዎች በመሮ ጨረስኩ። መሮውም አልከፋም።

ማታውኑ ጉብታው ከ14 ወደ 6 ሚሊ ወረደ። እሁድ 2 ሚሊ ነበር። ዛሬ ዘንጉ ሥር ምንም አይታይም። ሁለት ሳንቃዎች ግን መቆለፊያቸው ተሰብሮ ነበር። ከመጨረሻው ግድግዳ አራተኛው ረድፍ ላይ ስለነበሩ አራት ረድፍ ብቻ ነቅዬ ቀየርኳቸው። ከተረፈው ካርቶን ነው የወሰድኩት። ትርፉን አልጋ ሥር ማስቀመጤ ጠቀመኝ፤ ያንን መልክ ሱቁ አሁን አያመጣውም።

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ጎረቤታችንንም ቤት ጠርቼ የተቆረጠውን ቁራጭ አሳየኋቸው። መሀሉን በጥፍራቸው ፈቀፈቁት። «ይሄማ እንጨት አይደለም» አሉ፣ ብዙ ጊዜም አገላብጠው አዩት።


የእንጨት ሰው | ሐምሌ 21

እሰይ። ለጎረቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። አንድ ነገር ላስቸግርህ። የበረንዳውን ማስጨረሻ ስትመልስ ክፍተቱን ለክተህ ቀኑን ጻፍልኝ። ከዚያ በየሁለት ወሩ ለካው። እኔ ደንበኛ ቤት ሠርቼ እወጣለሁ፤ ተመልሼ የምለካበት ዕድል የለኝም።


ጀሞ ሦስተኛ ፎቅ | ነሐሴ 24

ጋሼ፣ እንዳዘዙኝ ለካሁ። ማስጨረሻውን ስመልስ በረንዳው በኩል ያለው ክፍተት 10 ሚሊ ነበር። ዛሬ 9 ሚሊ ነው። ማስጨረሻውን አንስቼ በሦስት ቦታ ለክቼዋለሁ፣ ሦስቱም እኩል ናቸው። ወለሉ ጸጥ ብሏል፤ ልጃችን አሁን ቆማ እየሄደችበት ነው። ጥቅምትና ጥር ላይ ደግሜ ለክቼ እዚሁ እጽፋለሁ።